የጣቢታ ሳንቃና የኦቦ ገለቴ ውሃ

በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሣው ሁከት ትንሽ በረድ ብሎ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ኦቦ ገለቴ ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለው የወንዝ ዳር ማሳቸው በውሃ መሳቢያ ሞተር ጎመን ሲያጠጡ፣ በእግር መንገዱ የምታልፈውን ጣቢታን አዩ። ጣቢታ የጎረቤታቸው የኤልቃና ልጅ ናት፤ አባቷ ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ የጸሎት ሰው ነው። በብብቷ የያዘችውን ሲያዩ ግን ሰላምታው ከአፋቸው ቀረ። ሳንቃ ነው፤ ሁለት ምስማር ተመትቶበት በመሃሉ ከባጃጅ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ተወጥሯል፤ ከጎኑም የማዕዘን መለኪያ ፕሮትራክተር ታስሯል።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ገለቴ?»

«ፈያ። እሱን አስቀምጪና ሰላም በይኝ! ምንድን ነው?»

«መወርወሪያ ነው፣ አባባ። የፊዚክስ ሥራ። የሚወረወር ነገር በምን ማዕዘን ሲነሣ እንደሚርቅ የምናይበት ነው። ከአሥራት ጋር ነገ እናቀርባለን። እሱን ይልቀቁልኝ ብዬ ልለምንዎት ቤት ልመጣ ነበር።»

አሥራት ልጃቸው ነው። በታኅሣሥ ድንጋይ ወርውረዋል ተብለው ከተያዙት ወጣቶች ጋር ታስሮ ነበር፤ የተፈታው አባቱና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ገለቴ ልጁን ከግቢ አላስወጡትም።

«በእጁ መወርወሩ አንሶት ማሽን ተሠራለት በይኛ!»

«የምንወረውረው እኮ የጨርቅ ኳስ ነው።»

«ወንጭፍ ወንጭፍ ነው፤ ፕሮትራክተር ስላሰራችሁበት የጸሎት መጽሐፍ አይሆንም። ፖሊስ ሲያየው ፊዚክስ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ዋስነቴ ይፈርሳል፤ ልጄ ተመልሶ ይገባል። አምጪ! ለማገዶ ስጪኝ።»

ጣቢታ አልተቆጣችም። ትልቅ ሰው ሲቆጣ ቆሞ መስማትን አባቷ አስተምሯታል። ዓይኗ ግን ወደ ማሳው ጫፍ ሄደ።

«አባባ፣ የመጨረሻው መደብ ለምን ጠወለገ?»

«ውሃው አይደርስም። ሞተሩ ሰነፍ ነው።»

እንደ ወንዝ ዳሩ ገበሬ ሁሉ ኦቦ ገለቴም የቱቦውን አፍ ወደሚያጠጡት መደብ ቀጥ አድርገው ይይዛሉ። ካልደረሰ ለሞተሩ ነዳጅ ይጨምሩለታል፤ አሁንም ካልደረሰ ይሰድቡታል።

«አፉን ቀና ቢያደርጉትስ?»

«ሰማዩን ላጠጣ ነው?»

«እንግዲያው በኳሱ እንየው። ላስቲኩን ሁልጊዜ እዚህ ምልክት ድረስ ብቻ ነው የምስበው፤ ጉልበቱ አይለወጥም። የሚለወጠው የሳንቃው አቀማመጥ ነው። የትኛው ይርቃል?»

ኦቦ ገለቴ መልስ ያለው ጥያቄ ማለፍ አይሆንላቸውም። «ዝቅ ያለው። ቀጥ ብሎ የሄደ ነው የሚደርሰው።»

ዝቅ አድርጋ ለቀቀችው። ኳሱ ቅርብ ያለው መደብ ላይ አረፈ።

«እንግዲያው ሽቅብ!»

ሽቅብ ለቀቀችው። ኳሱ ወጣ፣ ወጣና እዚያው መደብ ላይ ወደቀ።

«ዋቆ፣ ፈጣሪዬ! ያን ያህል ሄዶ ከሰነፉ ጋር እኩል?»

ሳንቃውን ከሁለቱ መሃል ስታደርገው ኳሱ መደቦቹን ሁሉ አልፎ የጠወለገው ጎመን ውስጥ ገባ። ኦቦ ገለቴ ቱቦውን አንሥተው አፉን እንደ ሳንቃው አዘነበሉት። ውሃው እንደ ደጋን ጎብጦ የመጨረሻውን መደብ መታው።

«ዝቅ ያለውን መሬት ቶሎ ይይዘዋል» አለች ጣቢታ። «ሽቅብ የወጣው ደግሞ ጉልበቱን ሰማይ ላይ ይጨርሳል። ስሌቱን የሠራው አሥራት ነው፤ እኔ ምስማር መቺ ነኝ።»

«አሥራት? ግቢ ውስጥ ተዘግቶ?»

«በአጥሩ ቀዳዳ እያወራን፣ አባባ።»

ኦቦ ገለቴ በአጥሩ በኩል ሹክሹክታ ሰምተው ሌላ ነገር ጠርጥረው ነበር። ምን እንደሚያወራ ግን ልጁን አንድም ቀን አልጠየቁትም።

«እውነቱ ገብቶኛል፤ ፍርሃቴ ግን አለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በጆንያ ደብቀሽ ውሰጂው።»

«ከጆንያ ሲወጣ ነው መሣሪያ የሚመስለው። ዋስ የሆኑት ድንጋይ እንዳይወረውር ነው፤ እንዳይማርም ነው እንዴ?»

ከእስር ያስፈቱትን ልጅ መልሰው ያሰሩት እሳቸው መሆናቸው ያን ጊዜ ታያቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ገለቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሳንቃውን ራሳቸው ተሸክመው፣ በአስፋልቱ ከአሥራትና ከጣቢታ ፊት ፊት ሄዱ። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ፖሊስ አስቆማቸው።

«አባት፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የልጄ ትምህርት ነው። ና ላሳይህ። ዝቅ ሲልና ቀና ሲል የትኛው ይርቃል?»

ፖሊሱ ሳንቃውን አገላብጦ አየ።

«ዝቅ ያለው» አለ ፖሊሱ።

«እኔም ትናንት እንዳንተ ነበርኩ!» ብለው ኦቦ ገለቴ ሳቁ፤ ኳሱንም ከኪሳቸው አወጡ።

ፖሊሱ ኳሱ ሲርቅ አይቶ አሳለፋቸው፤ ልጆቹም ደወሉ ሳይደወል ገቡ። ወሩ ሳያልቅ የወንዝ ዳሩ ገበሬዎች ሁሉ ቱቧቸውን ቀና አድርገው ሲያጠጡ ታዩ፤ ለነዳጅ የሚያወጡትም ቀነሰ። ትልቁ ጥቅም ግን ከማሳው ይልቅ በየቤቱ ነበር። በእድሩ ስብሰባ ላይ ኦቦ ገለቴ ተነሥተው፣ «ልጅን መቆለፍ ዋስትና አይደለም» አሉ። «ዋስትናው አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው። የተጠየቀ ልጅ የሚደብቀው ነገር ያንሳል፤ የጠየቀም አባት ስለ ልጁ አፉን ሞልቶ ይናገራል።»

እሱም ፈርቶ ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረው ጎረቤታቸው ከድሩ እጁን አወጣ። «ኦቦ ገለቴ፣ ሰኞ ልውሰዳት። ግን ፖሊሱ ቢያስቆመኝ ምን እለዋለሁ?»

«ዛሬ ማታ ልጅህን ጠይቃት» አሉት። «እሷ ትነግርሃለች።»