አንድ ለአምስት

...በሩን ከውስጥ ቆልፌው ነበር። ቁልፉን የት እንዳደረግሁት ግን አላስታውስም፤ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ይሁን ጥርሴ መሃል። ውጭ የሚጮኸው ድምፅ ሁሉ የማውቀው ድምፅ ነበር። የሚያስፈራውም እሱ ነው። ጠዋት ደም ግፊቱን የለካሁለት ሰው ከሰዓት በሬን በድንጋይ ይመታል፤ ደግሞ እኮ ግፊት አለበት፣ መጮህ አይገባውም...

ይቅርታ። ክቡራትና ክቡራን፣ ከመሃል ጀመርኩ። ጽፌ የመጣሁት በምስጋና ይጀምራል። እዚህ ቆሜ ያንን የክበቡን በር ሳይ ሌላው በር መጣብኝ።

እንግዲህ ምስጋናው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ይህን ግብዣ ስላዘጋጁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የሠራተኛ ማኅበሩንም አመሰግናለሁ። ጋቢው ከራሳችን ክር የተሠራ ነው ብላችሁኛል፤ ስለዚህ አላጥበውም። ሳቃችሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

የዚህ ክር ፋብሪካ ነርስ ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለት ዛሬ መጀመሬ ነው፤ አፌ ላይ ገና አልተመቸም። «ሲስተር አስቴር፣ ራሴን አሞኛል፣ የሕመም ፈቃድ ይጻፉልኝ» ብሎኝ የማያውቅ እጁን ያውጣ እስቲ። አያችሁ? አቶ ሰይፈሥላሴ፣ እርስዎም አላወጡም።

ስለ ጡረታ የማወራ መስሏችኋል። አይደለም። አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ እሱን ሳላደርስ ከዚህ ግቢ ብወጣ እንቅልፍ አይኖረኝም። አዲስ የገባችሁ ልጆች አላችሁና እንዲገባችሁ ከሥሩ ላምጣው።

ቡድናችን ያኔም ከሌሎች ፋብሪካዎች ጋር ይጫወት ነበር። እኔ የቡድኑ ሐኪም ነበርኩ። ሐኪም ማለት በረዶ በፌስታል አንጠልጥላ ከሜዳው ዳር የምትቀመጥ ሴት ማለት ነው። ደጋፊዎቹ በስልክ ግሩፕ ከፈቱ፣ እኔንም አስገቡኝ። ኳስ አላውቅም፤ ግሩፑን ግን ወድጄው ነበር። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነስተን ፋብሪካው እስክንደርስ፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ለብቻው ይስቃል። አንድ ቀልድ ነው፤ ሁሉም በየስልኩ ያየዋል፤ ድምፅ የለም።

መቼ ነው የተለወጠው? መጀመሪያ ዳኛው አዳላ ተባለ። ቀጥሎ ዳኛው ከየት ነው የመጣው ተባለ። ቀጥሎ ዳኛውን የሚመድበው ማነው ተባለ። ቀጥሎ አገሩን የያዘው ማነው ተባለ። አንዱ ጥያቄ ከፊተኛው የሚርቀው ትንሽ ነው። ማንም አልዘለለም። በእግራችን፣ ቀስ እያልን ነው የሄድነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከቂሊንጦ የመጣ ቡድን ገጠመን። ተሸነፍን። አንድ ለአምስት። አንዷን ያገባልን ሙህሲን ነው፣ በግንባሩ። የማሽን ክፍሉ ሙህሲን፣ ያ መስኮት ሥር የተቀመጠው። ጥቁር መነጽሩን ለአራዳነት ያደረገው ይመስላችኋል፤ ያደረገበትን ምክንያት አሁን ትሰማላችሁ።

ፈቀደን አዲሶቹ አታውቁትም። የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሜዳ ላይ ከበሮ የሚመታልን እሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ። ልጆች፣ አንድ ለአምስት ያኔ የጨዋታ ውጤት ብቻ አልነበረም። ከላይ የመጣ አደረጃጀት ነበር፦ አንዱ አምስቱን ይሰበስባል፣ ያወያያል፣ ማን ምን አለ የሚለውንም ወደ ላይ ያደርሳል። ዛሬ ስሙን የሚያነሳው የለም። ያኔ ግን ሻይ ስንጠጣ እንኳ ስንት ሆነን እንደተቀመጥን እናይ ነበር።

ሙህሲንና ፈቀደ ምሳ የሚበሉት አብረው ነበር። የሙህሲን እናት የምታስይዘውን ቆጮ የሚጨርሰው ፈቀደ ነው። «አንተ የእናቴ ልጅ ነህ ወይስ እኔ?» ይለው ነበር ሙህሲን።

ከሽንፈቱ በኋላ ሙህሲን ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «ይሄ አንድ ለአምስት ገደለን። እሱ ካልጠፋልን ቀና ብለን አንሄድም።»

ስለ ኳሱ ነው የጻፈው። ስለ ኳሱ ብቻ።

ፈቀደ መለሰ፦ «የቱን አንድ ለአምስት?»

ይቀልድ ይሁን ይጠይቅ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጽሑፍ ፊት የለውም።

የጥቅለላ ክፍሏ ዳሲቱ ገባች፦ «ሁለቱንም!» አለች፣ የሚስቅ ፊት አስከትላ። ዳሲቱ፣ አታቀርቅሪ። ቀልድ ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ።

«አቦ ዳሲ፣ ጨረስሻቸው!»

«ግሩፑ የኳስ ነው። ፖለቲካችሁን እዛው።»

«ፖለቲካ ያስገባው ጠርናፊው ነው።»

«ፈቄ፣ ስሟን እየመዘገብክ ነው እንዴ?»

«አፍህን ዝጋ።»

«ሆድ አደር!»

«ጠባብ!»

«አንተስ? ትምክህተኛ!»

«ነገ በር ላይ እንገናኛለን።»

አውራ ጣት የጎረፈለት ይህኛው ነው። እኔም ግራ ቢገባኝ «ልጆቼ፣ በረዶ ያዙበት» ብዬ ጻፍኩ። ሳቁብኝ። በዚያ ግሩፕ የተሳቀው የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነው።

በማግስቱ ፈረቃ ሲለዋወጥ ተገናኙ። የሚገባውም የሚወጣውም በአንድ በር ነው፤ መሸሻ የለም። የማሽን ብረት የያዘ ነበር። ድንጋይ የያዘ ነበር። የምሳ ዕቃ ጥርስ ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፈቀደ በብረት የሙህሲንን ግንባር መታው፤ ያችን ጎል ያገባበትን ግንባር። ብረቱ ተንሸራቶ ግራ ዓይኑን አገኘው። ይህ ምስጢር አይደለም፤ ግቢው በሙሉ አይቷል፤ ፍርድ ቤትም አይቶት ፈቀደ ታስሮበታል። የቀሩት ደግሞ ፈቀደን መሬት ጥለው፣ የመታበትን ቀኝ እጅ በጫማ ረገጡት። ደጋግመው። ጣቶቹ ሲሰበሩ ሰማሁ። ያ ሁሉ ጩኸት እያለ፣ እሱን ነው የሰማሁት።

አሻግሬ፣ የጥበቃው አሻግሬ፣ ደም በደም ሆኖ ክሊኒኩ በር ላይ መጣ። «ሲስተር፣ ማንን ላምጣ?» አለኝ።

«ሁለቱንም» አልኩት።

እየጎተተ አመጣልኝ። በሩን ቆለፍኩ። አልጋዬ አንድ ነው፤ ሙህሲንን አስተኛሁት። ፊቱ በሙሉ ደም ነው፤ ደህናውም ዓይኑ አያይም። ውጭ ደግሞ «ካድሬውን ስጪን! አንቺን አንነካሽም!» ይላሉ። በሥራ ዘመኔ በዚህ ግቢ «አንቺ» የተባልኩት ያን ቀን ነው። እንዲያ ካሉኝ አንዱ ቅድም ጋቢውን ካለበሱኝ መሃል አለ። ስሙን አልጠራም። ጋቢው ይሞቃል።

የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ወደ በሩ መግፋት አለብኝ። የሙህሲን ግንባርም ይፈሳል፤ ዓይኑ ሳይነካ፣ ከቅንድቡ በላይ፣ ፋሻውን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ነበር።

ሙህሲን እጅ ሲያርፍበት «ማነህ?» አለ። እኔ ከቁምሳጥኑ ጋር እየታገልኩ «የሌላኛው ፈረቃ ልጅ ነው» አልኩ። በዚያች ሰዓት ስሙን ብጠራው ምን ይፈጠር ነበር? ከአልጋው ይነሳል፤ ዓይኑ ያልቃል።

«ወንድሜ፣ አትልቀቀኝ» አለ ሙህሲን። «ዓይኔ እየወጣ ነው። አትልቀቀኝ።»

አልለቀቀውም። የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ ላያችን ላይ ሲረግፍ አልለቀቀውም። ፖሊስ መጥቶ ሰዉን እስኪበትን፣ አምቡላንሱ እስኪገባ፣ አልለቀቀውም።

ግራ ዓይኑ አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ግን ሙህሲን ባገኘኝ ቁጥር «ሲስተር፣ ያን ሰውዬ አላገኙትም?» ይለኛል። ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በየአረፋው እናቱ ቆጮ ትልካለች፤ «ለዚያ ሰውዬ ነው፣ ያድርሱልኝ» ይለኛል። አደርሳለሁ። ለሰውዬው ሚስት እሰጣታለሁ፤ እሷ ደግሞ ስንቅ አድርጋ እስር ቤት ትወስድለታለች። የመጀመሪያውን ጊዜ ከፍቶ አሸተተው፣ መልሶ ሰጣት አሉ። በሚቀጥለው አረፋ በላው።

ስልካችሁን አስቀምጡ። የምን መጻፍ ነው? ይህ ለግሩፕ አይደለም።

ሙህሲን። ያ ሰውዬ ፈቀደ ነው።

ተቀመጡ! ተቀመጡ ብያለሁ። የማንኛችሁም ጉዳይ አይደለም። ሙህሲን፣ እኔን ስማ። የመታህ ቀኙ ነው፤ እሱ ተሰብሮ ነበር። የያዘህ ግራው ነው። ባለፈው ሳምንት ተፈትቶ ቤቴ መጣና «እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ ብጀምረው አልጨርሰውም» አለኝ። ና ብዬዋለሁ። ንግግሬን ከጀመርኩ ጀምሮ ከዚያ በር ውጭ ቆሟል። ግባ ልለው አልችልም። ግባ ማለት የምትችለው አንተ ነህ። ባትለውም አልቀየምህም። ዓይኑ ያንተ ነበር።

እኔ ልመርቃችሁና ልውረድ። ልጆቼ፣ ጣታችሁ ከመጻፉ በፊት የምትጽፉለት ሰው ፊት ይታያችሁ። በደህና የወጣችሁበት ቤት በደህና ይቀበላችሁ። የምትተካኝ ልጅ ሥራ ትፍታ፤ ክሊኒኩ ውስጥ ሹራብ ሠርታ ትጨርስ። ቡድናችሁ ያሸንፍ። ከተሸነፈም፣ እባካችሁ፣ በሌላ ቁጥር ይሸነፍ። የተጣላ...

ሙህሲን? ምርቃቴን እኮ አልጨረስኩም።

አሳልፉት። መንገድ ልቀቁለት። መነጽሩን ለምን አወለቀ?

አሻግሬ፣ አንተ ተቀመጥ። አትከተለው። እጁ ባዶ ነው፤ አንደኛው እጁ ይታየኛል።

ከፈተው።

ወጣ።

በሩን ዘጋው።