ድምፄ የተዘጋ ሰሞን

ባለፈው ክረምት ነው። ቅዳሴውና ፍትሐቱ ተደራርቦብኝ እዚሁ ላሊበላ ድምፄ ጨርሶ ተዘጋ። ቄስ ድምፅ ካጣ ምን ቀረው? ሰውነቴም ዝሎ ነበር። ድምፄ ሳይዘጋም በፊት፣ ምክር ፈልጎ ለሚመጣው ሁሉ «ጌታዬ፣ ምን ልበለው?» ብዬ እግዚአብሔርን ስጠይቅ መልስ አልሰማም ነበር፤ የለመድኩትን ተናግሬ እሸኘው ነበር።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አንዲት የንስሐ ልጄ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል በእግሯ መጣች። «ይፍቱኝ አባ» አለች። በመስቀሌ ባርኬ ጉሮሮዬን አሳየኋት። «ግድ የለም አባቴ፣ እርስዎ አይድከሙ፣ እኔ አወራለሁ» ብላ የቤቷን ጣጣ ጀመረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ስትጀምር «ታገሺ ልጄ» ብዬ አቋርጣት ነበር። አሁን በምን አፌ? ተናግራ ተናግራ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ለዓመታት በሆዷ ይዛው የኖረችውን አወጣችው። የንስሐ ነውና ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ብቻ አብረን አለቀስን።

ስትነሳ መስቀል ተሳልማ «ዛሬስ ደህና አድርገው መከሩኝ፤ እንዳሉኝ አደርጋለሁ» አለችኝ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም እኮ! ማን እንደመከራት ገባኝ። እሷን ሸኝቼ፣ እንደደከመኝ ደጄ ላይ ተቀመጥኩና እግዚአብሔርን ምንም ሳልለምነው ዝም ብዬ አዳመጥኩ።