መንገዱ በተናደ ዓመት ያበራነው ደመራ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ መስቀልን እዚህ ሚዛን ከተማ የሚውል ጉራጌ አልነበረም። ሱቁ ይዘጋል፣ ቅቤው ይቋጠራል፣ ልጁም አዋቂውም አውቶቡስ ላይ ነው፣ አገር ቤት ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደመራ አለ፤ አለ፣ እኛ ግን የአባት ግቢ ደመራ ሳይበራ መስቀልን የዋልን አይመስለንም። ታዲያ አንድ ዓመት፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ ዝናቡ አላቆም አለና ቦንጋ በኩል መንገዱ ተናደ። እና ቀረን። ቀረን ስላችሁ፣ ሰፈሩ ለቅሶ ቤት ነው የመሰለው።

ባለቤቴ ሽብሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «እንግዲህ እዚሁ እናበራለን» አለ። በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው፣ እንደ አባት ነው የምናየው። የአገሩ ሰዎች፣ የቤንች ጎረቤቶቻችን፣ ከቡና ማሳቸው የደረቀ ዛፍ ቆርጠው በሸክም አመጡልን። እና ደመራው ቆመ። ሽብሩ ችቦውን ለኮሰና «የተቀያየመ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ወጋችን ነው፣ ቂም ተይዞ ደመራ አይለኮስም።

ታዲያ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ለምን ብትሉኝ፣ የሽብሩ ታናሽ ወንድም ሳህሌ እዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ግን አይነጋገሩም። አገር ቤት የመስቀሉን ሥጋ አልበላም ስላለ፣ ሽብሩ አባታቸው ፊት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ብሎታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «አንተስ?» አልኩት ሽብሩን። ሰው ፊት!

አየኝ። አየኝ፣ እናንተዬ፣ አየኝና ችቦውን ጭቃው ላይ ረግጦ አጠፋው። ተቆጥቶ ቤት የሚገባ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ሳህሌ በር ሄደ፣ እኛም ተከተልነው። አንኳኳ። ሳህሌ ከፈተ።

«ደመራ ልለኩስ ነው» አለው ሽብሩ። «አንተን እንዳስቀየምኩ መለኮስ አልቻልኩም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ደመራ አልዞርም።»

«ዙር አላልኩህም።»

«ሥጋውንም አልበላም።»

«አትብላ! ብላ ያለህ ማን ነው? ወንድም የለኝም ያልኩትን ይቅር በለኝና አጠገቤ ቁም።»

ሳህሌ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ሽብሩ ቀድሞ አቀፈው። እና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ካፊያው ውስጥ ቆመው አለቀሱ። ማን ያላለቀሰ አለ?

እንጨቱ ርሶ ስለነበር እምቢ እምቢ ብሎ ነው የተያያዘው። ሳህሌ አልዞረም፤ ወንድሙ እየመረቀ ሲዞር ቆሞ ጠበቀው። በማግስቱ ሲታረድ ለሳህሌ ጎመን በቆጮ ለብቻው አቀረብኩ፣ ሽብሩ ታዲያ ክትፎውን ገፋ አድርጎ ከጎመኑ አብሮት በላ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተሠራ፣ እኛ ግን ደመራውን አልተውንም። ሽብሩ ባረፈበት ዓመት ማን ያቆመዋል ብዬ ስጨነቅ፣ ሳህሌ እንጨት ተሸክሞ መጣ። የጸሎት ቤቱ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ «ሳህሌ፣ አንተም?» አሉት።

«የወንድሜ ነው» አላቸው። ሌላ አልተናገረም።

እና መስቀል እንዴት ተጀመረ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ የትልቁን መስቀል ነገር ቄሶቹን ጠይቁ። የእኛ ሰፈር ደመራ ግን በዕርቅ ነው የተጀመረው።