ፈጥኖ «የለም» ያለው ፍለጋ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዳይሬክተራችን ኖርበርት፣ እንዲሁም ከመርዝ መረጃ ማዕከል በረዶውን ጥሳችሁ የመጣችሁ ነርሶች፤

ለዚህ የስንብት ምሳ ከልብ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ «ዊልሄልሚና» የሚለው ስሜ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተጽፏል። በዚህ መሥሪያ ቤት ሳይፈተሽ ትክክል ሆኖ የወጣ የመጀመሪያው ሥራ ይመስለኛል። ኖርበርት «ሁለት ደቂቃ ይበቃሻል» ብሎኛል፤ የፕሮግራመርን ጊዜ በሦስት ማባዛት የለመደ ሰው ስለሆነ አይደነግጥም።

ስለ አንድ ጠዋት ብቻ ላውራ። አዲሶቹ እንደ ቀልድ ሰምታችሁታል። እዚያ ለነበርነው ግን ቀልድ አልነበረም።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። እናት ወደ ማዕከሉ ትደውላለች፤ ልጇ አንድ ነገር ጠጥቷል። ነርሷ «ጠርሙሱ ላይ ምን ይላል?» ትላታለች። መቼም ልጆች መለያው ያልተቀደደ ጠርሙስ አይወዱም። እናትየው ከቃሉ መሐል የተረፉትን ፊደላት ታነባለች፤ የእኛ ፕሮግራም ያቺን ቁራጭ የምርቶች ሁሉ ስም በተከማቸበት ግዙፍ ጽሑፍ ውስጥ ይፈልጋል።

ፍለጋውን የቡድን መሪያችን ኤልሮይ በገዛ እጁ ነበር የጻፈው። ፊደል በፊደል እያነጻጸረ ያዘግማል። ዋና ነርሷ ቪቬካ አንድ ቀን ደውላ፣ «የምታለቅስ እናት ስልክ ላይ ይዤ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከር ክብ አፍጥጬ አያለሁ። ወይ አፍጥኑት ወይ ሌላ ድርጅት እንፈልጋለን!» አለች።

ኤልሮይ የራሱን ጥሎ፣ ሲ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ የሚመጣውን ስትርስትር የተባለ ዝግጁ የፍለጋ ትእዛዝ አስገባ። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ባለሙያዎች ለዓመታት የሞረዱት ነው። ቁራጭ ሰጥተነው ትክክለኛነቱን የአንድ ምርት ስም ብቻ ባለበት አጭር ጽሑፍ ላይ አየን። ፍጥነቱን ደግሞ እንደ ልማዳችን በትልቁ ላይ፣ በሌለ ቃል ፈተንን። ለምን በሌለ ቃል? እስከ መጨረሻው እንዲሄድ፣ እንዲደክም ነዋ! ጣታችንን ከቁልፉ ሳናነሳ «የለም» አለን። እውነትም አልነበረም። አጨበጨብን።

በርክክቡ ቀን ከቪቬካ ጀርባ ቆመን ሳለ እውነተኛ ስልክ ጮኸ። አንዲት እናት ልጇን ጋራዥ ውስጥ ጠርሙስ አፉ ላይ ደግኖ አግኝታዋለች። የተረፉትን ፊደላት አነበበች፤ ቪቬካ ጻፈች።

«የለም።»

ኤልሮይ በጆሮዬ፣ «ፍጥነቱን አየሽው?» አለኝ።

ቪቬካ ከመለያው ሌላ ቁራጭ አስነበበቻት። «የለም።» አሁንም በቅጽበት።

«ልጁ እኮ ደህና ነው» አለች እናትየው። «እየሳቀ ነው። ልተወው ይሆን?»

«እመቤቴ፣ ስልኩን እንዳትዘጊ!» ቪቬካ ፊቷን ሳታዞር፣ ፕሮግራሙን ልትፈትነው፣ «አሲድ» ብላ ጻፈች።

«የለም።»

በአሜሪካ ምድር ካለ ማጽጃ ሁሉ አንዱም በስሙ ላይ «አሲድ» የሚል የለውም ማለት ነው። ወደ ኤልሮይ ዞርኩ፤ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ዜሮው!» አለ። «ምርቶቹን የለየንባቸው ዜሮዎች! አሮጌውን መልሺው!»

ኖርበርት ክንዱን ያዘው። «ደንበኛው ፊት? ውሉስ?»

«መልሺው አልኩሽ፣ ዊልሄልሚና!»

መለስኩት። ቪቬካ ቁራጩን እንደገና ጻፈች። ያ የተረገመ ክብ መሽከርከር ጀመረ። በስልኩ ውስጥ የልጁ ሳቅ ይሰማል። ሳቅ እንደዚያ የሚያስፈራ መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ኤልሮይ ከንፈሩን ነክሶ ስክሪኑን ያያል፤ ኖርበርት ጣሪያውን ያያል።

ክቡ ቆመ። የመኪና ራዲያተር ፀረ በረዶ ፈሳሽ። የሚጣፍጥ፣ መጀመሪያ ምንም የማያስመስል፣ ኋላ ኩላሊት የሚጨርስ።

«አምቡላንስ ልኬልሻለሁ» አለች ቪቬካ። «ጠርሙሱን ይዘሽ በሩ ላይ ጠብቂ። አሁን!»

ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ማናችንም ወደ ቤት አልሄድንም። ከሆስፒታሉ «መድኃኒቱ በጊዜ ደርሶለታል» ሲባል ኤልሮይ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወንበር ግን ነበር።

ስትርስትርን አትርገሙት። ዜሮ ሲያይ ጽሑፉ አልቋል ብሎ መቆም ተፈጥሮው ነው። እኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከየምርቱ ስም በኋላ ለመለያ ዜሮ አስቀምጠን ነበር፤ እሱም አንድ ምርት አይቶ ዓለምን እንደዞረ ሰው መለሰልን። የሌለ ቃል ስለጠየቅነውም መልሱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ውሸታም እውነት የሚናገርበትን ጥያቄ መርጠን ፈተንነው።

ቪቬካ ውሉን አልቀደደችም። «ፊቴ ፈጣኑን ጣልክ፣ የሚያሳፍርህን አሮጌውን መለስክ» አለችው ኤልሮይን። «ሄደህ አስተካክለው።»

አስተካከለው። አሁን የምትጠቀሙበት ያው ከሲ ጋር ከሚመጡት ዝግጁ ትእዛዞች አንዱ ነው፤ ሜምቸር የተባለው። የጽሑፉ ርዝመት ይነገረዋል፣ ዜሮ አያስቆመውም፣ ብዙ ፊደል በአንድ እይታ ይቃኛል። ከቁራጩ ውስጥ ብርቅ የሆነችውን ፊደል እንዲፈልግ እናዘዋለን፤ በየቦታው የሞላችውን ብንሰጠው በየደጁ ሲቆም ይውላል። ሲያገኛት ሜምኮምፕ የተባለው ጓደኛው ቀሪውን ያመሳክራል። ፈጣን ነው። ቪቬካ ግን ዛሬም ሲፈጥን በጥርጣሬ ታየዋለች፤ እባካችሁ ይህን ልማድ አታስጥሏት።

ኤልሮይ፣ ደንበኛ ፊት ስለተዋረድክባት ጠዋት ዛሬ ደንበኛ ፊት አመሰግንሃለሁ።

ለሁላችሁም፦ ማሽናችሁ «የለም» ሲል እስከ ዳር ፈልጎ ይሁን። ስልክ ላይ ሰው ሲጠብቃችሁ ኩራታችሁ ይርፈድበት። የደወለላችሁ ሁሉ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ። የእናንተም ልጆች በጤና ይደጉ፣ የጋራዣችሁ ጠርሙስ ሁሉ ክዳኑ ይጥበቅ።