ይዘንባል ያለው የብስኩት ቆርቆሮ

— ሄሎ። የክሊፎርድ ሬይን ቤት ነው። ሁለት እንቁላልና ሦስት ቁራጭ የአሳማ ሥጋ ከመጥበሻ ወደ ሳህን በሰላም የተዛወሩ መሆናቸውን፣ አባወራውም እነሱን በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ማናቸውንም አቤቱታ የማይቀበል መሆኑን ቤቱ በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። ማን ልበል?

— ሌስሊ… እንደምን አደርክ። የባሮ ሽንኩርት ማኅበር ጸሐፊ እሑድ ጠዋት ከደወለ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ የክበቡ ቢራ አልቋል። የትኛው ነው?

— ፎቶ?… የምን ፎቶ?

ክሊፎርድ ሹካውን አስቀመጠ። ሚስቱ ሞሪን ከምድጃው በኩል ዞር ብላ አየችው።

— ቆይ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ። ዊልፍ ሆስፒታል ተኝቶ ፎቶ ላከልህ። የዳሌ አጥንቱን ቀይረውለት ገና መቆም ያልቻለው ዊልፍ… ከየት አምጥቶ?… ከሽንኩርት መደቡ። ያ ማሽኑ ያነሳው… እሺ… ሐሙስ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል… ጎንበስ ያለ ሰው ይታያል። ኬፕ ያደረገ… ሌስሊ፣ በዚህ መንደር ኬፕ ያላደረገ ሽማግሌ ካገኘህ እሱን ብትጠረጥር ይሻልሃል።

— የኔ ካፖርት? በምን አወቅከው?… ጀርባው ላይ የተጣፈው ጨርቅ። ሞሪን፣ በአረንጓዴ ካፖርት ላይ ቡናማ የጣፈች ሴት በመላው አውራጃ አንድ ብቻ ናት እያለ ነው ሰውየው… እየሳቀች ነው።

— እሺ፣ እኔ ነኝ እንበል… አይ፣ «እንበል» ነው ያልኩት። እንደሱ አድርገህ ጻፈው።

— መጀመሪያ ግን ስለዚያ ሰላይ ቆርቆሮ እናውራ። ኮሚቴው ሲፈቅድለት እኔ እጄን አውጥቼ ተቃውሜያለሁ፤ ቃለ ጉባኤህ ላይ አለ። መታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር በሠላሳ አምስት ፓውንድ ገዛና የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተታት። አፈሩ ሲደርቅ ታጠጣለች፣ ሰው ሲመጣ ፎቶ ታነሳለች አለ። በገዛ እጄ ስለሠራኋት እንደ እጄ ትቆጠር አለ። እናንተም አጨበጨባችሁ… አጨብጭበሃል፣ አይቼሃለሁ።

— ይሄ ሰው ጡረታ ከወጣ ወዲህ በዚያች ኮምፒውተር ያልሞከረው ነገር አለ? የወፍ ጎጆ ውስጥ ካሜራ ከተተ። ጫጩቶቹ የሚደበቁበት እንኳ የላቸውም። የቆሻሻ መኪና የሚመጣበትን ቀን የሚያስታውስ ቀይ መብራት ሠርቶ መስኮቱ ላይ ሰቀለ፤ መንገዱ በሙሉ እሱን አምኖ ቆሻሻውን በማይወጣበት ቀን አወጣ። ጣሪያው ላይ የነፋስ መለኪያ ተከለ፤ ነፋስ ወሰደው… አትሳቅ። ተናድጃለሁ።

— አዎ፣ ሞሪን ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ከሱ ጋር ኮምፒውተር ትማራለች። የምትማረው እሷ ናት። እኔ ዊልፍን ከማዕድን ሠራተኞቹ አድማ ጀምሮ እንደምን አደርክ ብዬው አላውቅም… ስንት ዓመት እንደሆነማ አንተም ታውቃለህ፣ የከሰሉ ጉድጓድ ሳይዘጋ ነው። ሁላችንም ዓመት ሙሉ የልጆቻችንን ጫማ በካርቶን ስንደፍን፣ እሱ አድማው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በፖሊስ ታጅቦ፣ መስኮቱ በሽቦ በታጠረ አውቶቡስ ሥራ ገባ።

— አውቃለሁ፣ ልጁ ታማ ነበር… ሁሉም ሰው ልጅ ነበረው፣ ሌስሊ።

— ወደ ፎቶው ተመለስ። በእጁ የያዘው ምንድነው?… ረጅም ነገር። ቢላ ይመስላል… ማን ነው ቢላ ያለው? አንተ ነህ እሱ?… እሱ።

የክሊፎርድ ጆሮ ቀላ።

— ሌስሊ፣ ስማኝ። ሃምሳ ዓመት ባሮ ሽንኩርት አብቅያለሁ። ተሸንፌያለሁ። አንድ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ወጥቼ፣ ሽልማት የሰጣችሁኝን ብርድ ልብስ ተሸክሜ በጓሮ በር ነው ቤቴ የገባሁት። የሰው ሽንኩርት ላይ ግን ቢላ አንስቼ አላውቅም። ጠላቴ ቢሆን። ጠላቴ ስለሆነ እንዲያውም። እሱን የማሸንፈው ሽንኩርቱ ቆሞ ነው።

— ሄሎ?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… ይቆራረጣል። ወደ መስኮቱ ጠጋ በል… እሺ። ሄዳችሁ አያችሁት። አንድም የተቆረጠ የለም። ታዲያ ምን ሆነ?… ወፈረ?

— ወፈረ። አንድ ክፉ ሰው በጨለማ ገብቶ የዊልፍን ሽንኩርት አወፈረበት። ይሄን ብለህ ነው ቁርሴን የምታቀዘቅዝብኝ?

— ምን?… መሬቱ ርጥብ ነው… ማሽኑ ውሃ የሚስብበት በርሜል ደግሞ… አልተነካም፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው… ቆይ። አንዴ ቆየኝ፣ ሞሪን ትጠራኛለች።

ሞሪን አልጠራችውም። ክሊፎርድ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ድምፁን ቀነሰ።

— በርሜሉን አይተውታል… ምን ብዬ ነው የምነግረው? የዊልፍ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ «ነገ ይዘንባል» የሚለውን እያነበበች አሥራ አንድ ቀን ውሃ ከለከለች ልበል? አንቺው አይደለሽ፣ ዝናብ የሚመጣ ከሆነ ውሃ ቆጥቢ ብሎ አዟታል ያልሽኝ? በዚህ አገር ነገ ይዘንባል የማይል ትንበያ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቅጠሉ እንደ ርጥብ ካልሲ ተዘርሮ ነው ያገኘሁት… ለማን ልንገር ያኔ? ሰውየው ትኩሳት ይዞት ስሙን አያውቅም ነበር… አይሆንም። አጠጣሁለት ካልኩ አንቀጽ ዘጠኝ አለ፤ ከባለቤቱ ሌላ የሰው እጅ የተንከባከበው ሽንኩርት ከውድድር ይወጣል… አዎ፣ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። የዊልፍ አማች ሲኮተኩትለት አይቼ፣ ዊልፍን ለመያዝ ነው ያረቀቅኩት። አሁን ዝም በይ፣ ቆንጆዬ። እንቁላሉን ብዪው።

— አለሁ… ሳህን ወድቆ ነው… አይ፣ አላጠጣሁም። ማን? እኔ? ለአድማ ሰባሪ ሽንኩርት ውሃ የምቀዳ ሰው እመስልሃለሁ? ይሄን ወሬ ክበብ ውስጥ ካወራኸው ሁለተኛ ከኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ አትቀመጥም።

— ዝናብ ይሆናላ ያረጠበው… ሜዳው ሁሉ ደርቆ የሱ ብቻ ረጥቦ… እንግዲህ እግዜር ሲያዘንብ ኮሚቴ አያማክርም።

— አራት?… አራት ፎቶ ነው ያለው? አራት ጠዋት። በአራቱም ጀርባዬ ብቻ… ያ ቆርቆሮ ውሃ ማጠጣት አቅቶት ፎቶ ማንሳት ግን… ምንም አላልኩም። ቀጥል።

— እሺ፣ ግልጹን ንገረኝ፣ አታድበስብስብኝ… አንድ፣ የያዝኩት ረጅም ነገር የውሃ ማጠጫ አንገት ነው ካልኩ እኔ ነጻ ነኝ፣ የዊልፍ ሽንኩርት ግን ይሰረዛል… ሁለት፣ ዝም ካልኩ አንቀጽ አራት። ሳያስፈቅድ፣ ምክንያቱንም ሳይናገር የሌላ አባል መደብ የረገጠ ስሙ ከማኅበሩ ይፋቃል… ለዘንድሮ ብቻ?… ለሁልጊዜ።

ውድድሩ ሊደርስ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። የክሊፎርድ ሽንኩርቶች ዘንድሮ እንደ ሕፃን ጭን ወፍረው፣ ኮሚቴው የውድድር ማኅተሙን ሲመታባቸው ዳኞቹ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ነበር የለኳቸው። በሃምሳ ዓመት እንዲህ ያለ አብቅሎ አያውቅም። ከመስኮቱ ውጭ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የደመና ፍንጭ እንኳ አልነበረበትም።

— ፋቀው።

— ሰምተሃል። ስሜን ፋቀው አልኩህ… አላበድኩም… ሽንኩርቴንማ ሾርባ አደርገዋለሁ። ዳቦ ይዘህ ና፣ ትጠጣለህ… አትዘንልኝ፣ ደሜን አታፍላው። እንባህን ለውድድሩ ቀን አስቀምጠው፤ ዊልፍ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ መጥቶ ዋንጫውን ሲያቅፍ ያስፈልግሃል። ጥርሱን ገልጦ ፎቶ ሲነሳ ደግሞ እኔን አትጥሩኝ።

— አይ፣ ይቅርታ አልጠይቀውም። ምን አድርጌ?… እሱም እንዳይጠይቀኝ… ሌላ የለኝም። ደህና ዋል።

ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ሞሪን ሹካዋን ይዛ፣ ወደ ደጃፉ አየች። የውሃ ማጠጫው እዚያ ቆሟል። ከእንግዲህ ወዲያ ግን ክሊፎርድ ወደ ዊልፍ መደብ አንድ እርምጃ ቢራመድ በአሥር ዓይን ነው የሚጠበቀው። ክሊፎርድ ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ።

— ሌስሊ… አለህ? ጥሩ። አንድ መልእክት ለዚያ ሰው ንገርልኝ። አሁን ትኩሳቱ ለቆት ፎቶ መላክ ከቻለ፣ ጣቱም ይሠራል ማለት ነው። ያንን ትንበያ የሚያነበውን ነገር ያጥፋው። ዛሬውኑ፣ ካልጋው ሳይነሳ። ማሽኑ የሰማዩን ወሬ ትቶ አፈሩን ብቻ ይይ። ሽንኩርቱ እስከ ማክሰኞ ውሃ ካላገኘ፣ በኋላ ቢጠጣም ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ሽንኩርት ደግሞ ማሸነፍ ደስ አይልም… ጻፍከው?

— እ?…

— ማሽኑ ዝናብ ሲጠብቅ እንደከረመ እንዴት አወቅኩ?

ሞሪን ሹካዋን አስቀመጠች።

— አልናገርም።

ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ከባዶው ሳህን ፊት ተቀመጠ።