ለባሕር ማዶ ችሎት የተሰነቀ በሶ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በመኪና ስንጓዝ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ገበሬና ጎረቤታቸው የሆነች ሴት ይጨዋወቱ ነበር።

«አያ ምናሉ፣ የማኅበራችሁ በርበሬ ክርክር ምን ላይ ደረሰ?»

«ተመስገን ልጄ! በርበሬው መጋዘናችን ውስጥ ነው።»

«የውጭ አገሩ ነጋዴ በአገሩ ፍርድ ቤት ረታችሁ ሲባል ሰምቼ!»

«እሱማ በአገሩ ረታን እንጂ። እዚህ ለእኛ ከተፈረደልን በኋላ፣ ‹በርበሬውን አስረክቡ› የሚል ወረቀት ከዚያ መጣ። እኔማ ቅረቡ የተባልን መስሎኝ በሶ አስፈጨሁ።»

«በሶ ይዘው ባሕር ማዶ?»

«የትስ ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ጠርቶ ይቀራል እንዴ? የንስሐ አባቴም ‹በሰላም ያግባህ› ብለው ባርከውኝ ነበር። ጠበቃችን ነው ስንቄን አይቶ ‹አባባ፣ ይቀመጡ› ያለኝ።»

«ሳቀብዎት?»

«አልሳቀም፣ እግዜር ይስጠው። ‹የእኛ ዳኛ የፈረደውን የውጭ ዳኛ እንዳይሽርብን የሚጠብቅ ሕግ አለን› አለኝ። የእኛው አገር ችሎትም ይህንኑ አጸናልን።»

«በሶውስ?»

«ማኅበርተኛው እየመረቀ በላው። እኔስ ያን ሕግ የጻፈውን ሰው ባገኘው ጉልበቱን እስም ነበር።»

እኔ ማንኩሳ ላይ ወራጅ ነበርሁ፤ ጨዋታቸው ይዞኝ ‹ወራጅ አለ› ሳልል መኪናው ማንኩሳን አለፈ።