የሥራ አስኪያጁ አጃቢ

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት ወጣት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ የፋብሪካ አይቲ ባለሙያ ናት።

«ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ፣ ‹በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ አድሚኗ አንቺ ነሽ እንዴ? ዛሬውኑ ሥልጣኑን አስረክቢኝ፣ አለዚያ ዕቃሽን ሰብስቢ!› አይለኝም?»

«ሰጠሽው?»

«አብደሻል? ባለፈው በፍላሽ ባመጣው ቫይረስ ቢሮውን በሙሉ ሥራ አስፈትቶት የለ!»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ምንም መጫን የማይችል፣ ምንም ማጥፋት የማይችል ተራ አካውንት ከፈትኩለት። ስሙን ‹ዋና አስተዳዳሪ› አልኩትና ፎቶውን ለጠፍኩበት። ደስ ብሎት ሰው ሁሉ እየጠራ ሲያሳይ ዋለ።»

«አልነቃብሽም?»

«ጌም ሊጭን ሲል ፓስወርድ ጠየቀው። ‹ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?› ሲለኝ፣ ‹ጌታዬ፣ በእርስዎ ደረጃ ላሉ ኃላፊዎች ብቻ የሚመደብ አጃቢ ነው› አልኩት።»

«አመነሽ?»

«ማመን ብቻ! አሁን ምክትሉ ሰምቶ፣ ‹እኔ ምን አጥፍቼ ነው አጃቢ የተከለከልኩት?› እያለ መግቢያ መውጫ አሳጥቶኛል።»

የኔም ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት ከነፎቶዬ ‹ክቡር ኃላፊ› ብሎ እንደሚቀበለኝ ትዝ ሲለኝ፣ ‹ወራጅ አለ› ማለቱን ረስቼ ፌርማታዬን አለፍኩ።